ድራቬት ያለበት ሕፃን እና ክትባት፦ የሚፈራው የትኛው ቀን ነው? ምን ይዘን እንጠብቅ?

ሲስተር ዘጌ
ሰላም ለሁላችሁ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሕፃን ክትባት ክፍል ሲመጣ የምንሰጠው መልስ ከአንዱ ጤና ጣቢያ ወደ ሌላው ይለያያል። አንዱ "ለጊዜው ይቆይ" ብሎ ይመልሰዋል፤ ሌላው ምንም ሳይመክር ወግቶ ይሸኘዋል። ሁለቱም ልክ አይመስሉኝም። ጥያቄዬ በተለይ ድራቬት ስለሚባለው ዓይነት ነው፤ የጂን ምርመራቸው ተሠርቶ ኤስሲኤን1ኤ የሚባለው ጂን ላይ ለውጥ የተገኘባቸው ልጆች ማለቴ ነው።

ለመነጋገር እንዲመቸን አንድ ልጅ እናስብ። 7 ወሩ ነው፣ 8 ኪሎ ይመዝናል። ሁለተኛውን ፔንታ (ትክትክን ጨምሮ አምስት በሽታ የሚከላከለውን ክትባት) ዘግይቶ በ4 ወሩ ተወግቶ፣ በዚያው ማታ ግራ ጎኑን ብቻ ለ30 ደቂቃ አንቀጥቅጦታል። አሁን ቫልፕሮይክ አሲድ ሽሮፕ ይወስዳል። ሦስተኛው ፔንታ ይቀረዋል፤ የ9 ወሩ ኩፍኝም እየደረሰ ነው። ይከተብ? ከተከተበስ በየትኛው ቀን ምን ይደረግለት? እናቱ "ልጄን እንዲህ ያደረገው ክትባቱ ነው" ብትለኝ ምን ብዬ ልመልስላት? መልሳችሁ ቁጥር ቢኖረው ደስ ይለኛል፤ "ትኩሳቱን ተከታተሉ" ብቻ ብንላት እናትየው ምን እንደምታደርግ አታውቅም።

ኒውሮ ሕፃናት
ሲስተር፣ ከመጨረሻው ጥያቄ ልጀምር፤ እሱ ካልተመለሰ እናትየው ሌላውን አትሰማንምና።

ይህን በሽታ ፈረንሳዊቷ ሐኪም ሻርሎት ድራቬት እ.ኤ.አ. በ1978 ለይታ ገለጸችው። መነሻው ኤስሲኤን1ኤ መሆኑ የታወቀው በ2001 ነው። ጂኑ በነርቭ ሕዋስ ግድግዳ ላይ ያለ የሶዲየም መተላለፊያ የሚሠራበት ንድፍ ነው። ከሁለቱ ቅጂዎች አንዱ ሲበላሽ ከሁሉ በላይ የሚደክሙት የአንጎልን እንቅስቃሴ የሚገቱት ሕዋሶች ናቸው። ፍሬኑ የላላ አንጎል ደግሞ ሙቀት ሲጨምርበት ይለቃል። ሙቀቱ ከክትባት መጣ፣ ከጉንፋን፣ ከጆሮ ሕመም ወይም ከሙቅ ገላ መታጠቢያ፣ ለአንጎሉ ልዩነት የለውም። የጂን ለውጡ ልጁ ሲወለድ አብሮት የነበረ ነው፤ በአብዛኞቹ ላይ ደግሞ ከእናትም ከአባትም ያልተወረሰ፣ በዚያ ልጅ ላይ አዲስ የተፈጠረ ነው።

በ2006 የወጣ በአውስትራሊያ ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት "በክትባት አንጎላቸው ተጎድቷል" የተባሉ 14 ሰዎችን ጂን መረመረ። በ11ዱ ላይ የኤስሲኤን1ኤ ለውጥ ተገኘ። በ2010 የተከተለው ጥናት ድራቬት ያለባቸው 40 ልጆችን አየ። በ12ቱ ላይ የመጀመሪያው መንቀጥቀጥ የመጣው በክትባቱ ዕለት ወይም በማግስቱ ነበር። እነዚህን በአማካይ በ18 ሳምንት ግድም ጀመራቸው፤ የቀሩትን በ26 ሳምንት ግድም። በኋላ የአእምሮ እድገታቸው ሲነጻጸር ግን በሁለቱ መካከል ልዩነት አልተገኘም። ሕመሙ ከጀመራቸው በኋላ ክትባት የቀጠሉትም ካልቀጠሉት አልባሱም።

ስለዚህ እናትየውን "ክትባቱ ትኩሳት አምጥቷል፣ ትኩሳቱም መንቀጥቀጡን ቀስቅሷል፤ ያየሽው እውነት ነው። በሽታው ግን ከመወለዱ ጀምሮ አብሮት ነበር፤ ያን ቀን ባይወጋ ከጥቂት ሳምንት ወይም ወር በኋላ ሌላ ትኩሳት ይቀሰቅሰው ነበር" በሏት። "ክትባቱ ምንም አላደረገም" እንዳትሏት። በዓይኗ ያየችውን ከካድንባት ቀጥሎ ስለ መድኃኒቱ የምንነግራትንም አታምነንም።

አቤነዘር ሜሪላንድ
የዶክተርን ሐሳብ ለማጠናከር፦ እዚህ አሜሪካም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ኤስሲኤን1ኤ ላይ ለውጥ ባለባቸው ልጆች ስም የቀረበ የክትባት ካሳ ጥያቄ ውድቅ ተደርጎ፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የፌደራል ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት ያንን ውሳኔ አጽንቶታል። ከዚያም በፊት እንግሊዝ ውስጥ በ1974 ከአንድ የለንደን ሆስፒታል የወጣ ጽሑፍ የትክትክ ክትባትን ከአንጎል ጉዳት ጋር አያይዞ፣ የተከታቢዎቹ ቁጥር ከ80 በመቶ ግድም ወደ 30 በመቶ ግድም ወርዶ ነበር። ዋጋውን የከፈሉት ቀጥለው በመጡት ዓመታት በትክትክ የታመሙት ሕፃናት ናቸው። ስለ ጂኑ የሚታወቅ ነገር ገና አልነበረም።

የክትባቱ ዓይነትም መነሳት አለበት። አሜሪካ፣ በአብዛኛው አውሮፓና እስራኤል የሚሰጠው የትክትክ ክትባት የባክቴሪያው የተመረጡ ፕሮቲኖች ብቻ ያሉት፣ አሴሉላር የሚባለው ነው። የኢትዮጵያው ፔንታ ሙሉ ሕዋስ ያለው ነው፤ መከላከያው ጥሩ ነው፣ ትኩሳቱ ግን ይበዛል። ድራቬት ባለባቸው ልጆች ላይ በሆላንድ የተደረገ ክትትልም ከአሴሉላሩ በኋላ መንቀጥቀጥ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ስለዚህ ከውጭ ወደ አገር ቤት የምትመጡ ወላጆች የልጁን የትክትክ ክትባት ባላችሁበት አገር ጨርሳችሁ ብትመጡ ይሻላል። አገር ቤት ያለው ልጅ ግን አሴሉላር እስኪገኝ ብሎ መጠበቅ የለበትም፤ ትክትክ ለሕፃን ገዳይ ነው።

ኒውሮ ሕፃናት
ትክክል። አንድ ነገር ልጨምር፦ የእኛ መርሐ ግብር በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት መሆኑ ለእነዚህ ልጆች ይጠቅማቸዋል። በጊዜው የተከተበ ልጅ ድራቬት በብዛት ከሚጀምርበት ዕድሜ በፊት ሦስቱንም ይጨርሳል። የሚቸገረው እንደ ሲስተር ምሳሌ የዘገየው ልጅ ነው። ስለዚህ በቤተሰቡ የሚጥል በሽታ አለ ተብሎ ክትባቱን ማዘግየት ልጁን ከአስቸጋሪው ዕድሜ ጋር ያጋጥመዋል።

ለኩፍኝም ያው ነው። አሜሪካ ውስጥ በጠቅላላው ሕፃናት ላይ በተደረገ ሰፊ ጥናት፣ የኩፍኙ ክትባት ከ15 ወር በኋላ ሲዘገይ ተከትሎ የሚመጣው የመንቀጥቀጥ ዕድል ጨመረ እንጂ አልቀነሰም።

ፋርማሲ ፒያሳ
ወደ ቀናቱ እንግባ፤ እዚህ ላይ ብዙ ስህተት ይሠራል።

የፔንታ ትኩሳት የሚመጣው በዚያው ቀን ወይም በማግስቱ ነው፤ ልጁ ግን እስከ 72 ሰዓት ድረስ አይዘንጋ። የኩፍኝ ክትባት ሕያው ግን የተዳከመ ቫይረስ ስለሆነ እስኪራባ ጊዜ ይፈጃል፤ ትኩሳቱ የሚመጣው ከ5ኛው እስከ 12ኛው ቀን ነው። ኩፍኝ ተወግቶ ለሁለት ቀን ሲጠበቅ ቆይቶ "አለፈ" ተብሎ የተተወ ልጅ በ8ኛው ቀን ሲጥለው ማንም ከክትባቱ ጋር አያገናኘውም፣ ማስቆሚያ መድኃኒቱም ቤት ውስጥ የለም።

ለፔንታ፦ ፓራሲታሞል 15 ሚሊ ግራም በኪሎ። 8 ኪሎ ለሚመዝነው 120 ሚሊ ግራም ይሆናል። እኛ ጋ በብዛት ያለው ሽሮፕ በ5 ሚሊ ሊትር ውስጥ 120 ሚሊ ግራም አለው፤ ስለዚህ 5 ሚሊ ሊትር። ከአሜሪካ የመጣው ጠርሙስ በ5 ሚሊ ሊትር 160 ሚሊ ግራም ነው፤ ከእሱ 3.75 ሚሊ ሊትር። በጠብታ የሚሰጠውና በ1 ሚሊ ሊትር 100 ሚሊ ግራም ያለው ደግሞ 1.2 ሚሊ ሊትር ብቻ። ጠርሙሱ ላይ ያለውን ሳያነቡ "እንደ በፊቱ" ብሎ መስጠት መጠኑን ብዙ እጥፍ ሊያደርሰው ይችላል። በሻይ ማንኪያ አይለካ፤ መርፌ በሌለው ስሪንጅ ይለካ።

የመጀመሪያው መጠን ልክ ሲወጋ፣ ከዚያ በየ6 ሰዓቱ ለ24 ሰዓት፣ ካስፈለገ እስከ 48። ጠዋት 3 ሰዓት የተወጋ ልጅ በ9 ሰዓት፣ ማታ በ3፣ ሌሊት በ9 ይወስዳል፤ ለእናት ለማስታወስም ይቀላል። የሌሊቱ መጠን አይዘለል፤ ቤተሰቡ ተኝቶ ሳለ ነው ትኩሳቱ የሚወጣው። በ24 ሰዓት ከ4 ጊዜ በላይ አይሰጥም። የጉንፋን ሽሮፕ ውስጥም ፓራሲታሞል ስላለ አብሮ አይሰጥ።

ለኩፍኝ ስምንት ቀን ሙሉ በሰዓት መስጠት አያስፈልግም። ከ5ኛው እስከ 12ኛው ቀን በቴርሞሜትር ጠዋት፣ ከሰዓትና ማታ መለካት፣ በብብት 37.5 ካለፈ መጀመር። 38 እስኪደርስ የሚጠበቅበት ምክንያት የለም፤ ድራቬት ያለበትን ልጅ ከዚያ በታችም ይጥለዋል።

እንዳለ ከሐዋሳ
ሁለት ተቃውሞ አለኝ። አንደኛ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 የወጣው የቼክ ጥናት ክትባት ሲሰጥ አብሮ ፓራሲታሞል የወሰዱ ሕፃናት የመከላከያ መጠናቸው ዝቅ እንደሚል አሳይቷል። ሁለተኛ፣ ትኩሳት መቀነሻ በትኩሳት የሚመጣን መንቀጥቀጥ እንደሚከላከል በጥሩ ጥናቶች አልተረጋገጠም። ታዲያ ለምንድን ነው በሰዓት የምንሰጠው?

ኒውሮ ሕፃናት
ሁለቱም እውነት ናቸው፤ ማንሳትህ ጥሩ ነው። የቼኩ ጥናት ውጤት ሲታይ ግን መጠኑ ዝቅ ቢልም አብዛኞቹ ልጆች ከሚከላከለው ደረጃ በላይ ነበሩ። ለጤነኛ ልጅ አስቀድሞ ፓራሲታሞል መስጠት አያስፈልግም፤ እኔም አልመክርም። ድራቬት ያለበት ልጅ ላይ ሚዛኑ ሌላ ነው፤ አንድ የ40 ደቂቃ መንቀጥቀጥ የሚያስከፍለው ትንሽ ከቀነሰ የመከላከያ መጠን ይበልጣል። ስለ ሁለተኛው፣ ፓራሲታሞል ዋስትና አይደለም። ለወላጅ ዋስትና አስመስሎ መንገር ጉዳት አለው፤ "ሰጥቼው ነበር" ብሎ ይዘናጋል። ዋናው መሣሪያ ቤት የሚቀመጠው የማስቆሚያ መድኃኒት ነው። እሱ በእጅ ሳይኖር አልወጋውም፤ ሌላው ሁሉ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው።

አንዳንድ ማዕከሎች በክትባቱ ሰሞን ክሎባዛም የሚባለውን የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለጥቂት ቀን ይጨምራሉ። ይህ ልጁን የሚከታተለው ሐኪም የሚወስነው ነው፤ እንቅልፍና የትንፋሽ መድከም ስላለው በስልክ ምክር የሚጀመር አይደለም።

ሲስተር ዘጌ
አመሰግናለሁ። እኛ ጋ በአፍ ጥግ የሚሰጠው ሚዳዞላም አይገኝም። ያለን የዳያዜፓም አምፑል ነው፣ 10 ሚሊ ግራም በ2 ሚሊ ሊትር። እሱን እናት ቤት እንድትጠቀምበት እንዴት እናሠልጥናት?

ፋርማሲ ፒያሳ
በፊንጢጣ 0.5 ሚሊ ግራም በኪሎ። 8 ኪሎ፣ 4 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 0.8 ሚሊ ሊትር። የዓለም ጤና ድርጅት ሰንጠረዥ ከ6 እስከ 10 ኪሎ ላለ ሁሉ 1 ሚሊ ሊትር ብሎ ያጠጋጋል፤ ክብደቱ በትክክል ከተለካ ግን ስሌቱን እመርጣለሁ።

በ1 ሚሊ ሊትር ስሪንጅ ይቀዳል፣ መርፌው ተነቅሎ ይጣላል። ይህን ሦስት ጊዜ አስደግሟት፤ በድንጋጤ መርፌው ሳይነቀል የሚገባበት አጋጣሚ አለ። ጫፉ በቫዝሊን ይለሰልሳል፣ ልጁ በጎኑ ተኝቶ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ይገባል፣ ቀስ ተብሎ ይገፋል፣ ስሪንጁ ከወጣ በኋላ ቂጡ ለጥቂት ደቂቃ ተጨብጦ ይያዛል። ካልተያዘ መድኃኒቱ ተመልሶ ይወጣል፤ "አልሠራም" የሚባለው ብዙ ጊዜ ለዚህ ነው። አስቀድሞ ቀድቶ ለቀናት ማስቀመጥ አይሆንም፤ አምፑሉ ከብርሃን ተጠብቆ ከስሪንጁ ጋር በአንድ ከረጢት ይቀመጥ። በባዶ ስሪንጅና በውኃ ክፍላችሁ ውስጥ ትለማመድ።

ኒውሮ ሕፃናት
ሰዓቱ፦ መንቀጥቀጡ ሲጀምር ሰዓት ታያለች፣ 5 ደቂቃ ሲሞላ ትሰጣለች። ከዚህ በፊት ረጅም መንቀጥቀጥ ለነበረው ልጅ ከዚያ ቀድማ እንድትሰጥ ሐኪሙ ሊጽፍላት ይችላል። በአንድ ጎን ብቻ መሆኑ ወይም ዓይኑ ገልጦ ማየቱ አያዘናጋ፤ የእነዚህ ልጆች መንቀጥቀጥ ብዙ ጊዜ እንዲያ ነው። ከሰጠች በኋላ ትንፋሹን እያየች ጉዞ ወደ ጤና ተቋም። ሁለተኛው መጠን ከ10 ደቂቃ በኋላ፣ በባለሙያ እጅ፣ አምቡ ባግ (በእጅ እየተጨመቀ ትንፋሽ የሚሰጥ ከረጢት) ባለበት ነው የሚሰጠው።

ክብሪት እየጫሩ ማሽተት፣ ማንኪያ በጥርሱ መሃል ማስገባት፣ ውኃ ፊቱ ላይ መርጨት ይቅር። የክብሪቱ ጭስ መንቀጥቀጡን አያቆምም፤ የሚያባክነው ግን ያችኑ 5 ደቂቃ ነው።

ተቋሙ ውስጥ ያለው ስህተት ከቤቱ የከፋ ሊሆን ይችላል። ዳያዜፓም አላቆም ሲል እጃችን የሚሄደው ወደ ፌኒቶይን ነው። ፌኒቶይን፣ ካርባማዜፒን፣ ኦክስካርባዜፒንና ላሞትሪጂን የሶዲየም መተላለፊያውን የበለጠ ይዘጋሉ፤ ድራቬት ያለበትን ልጅ ሕመም ያባብሳሉ። በምትኩ ፌኖባርቢታል በደም ሥር፣ 20 ሚሊ ግራም በኪሎ፣ ቀስ ተብሎ፣ ትንፋሹ እየታየ። "ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን አይሰጠው" የሚለው በክትባት ካርዱ ሽፋን ላይ በትልቁ ይጻፍ። ተረኛው ሐኪም ልጁን ለመጀመሪያ ጊዜ የሚያየው በዚያች ሌሊት ነው።

ገነት ናዝሬት
ስለ ማልበስ የሚነገር ይጨመር። በአገራችን የተከተበ ልጅ "ብርድ እንዳይመታው" ተብሎ በጋቢ ይጠቀለላል፣ መስኮቱ ይዘጋል፣ እናት ጀርባ ላይ ይታዘላል። ለሌላ ልጅ ምቾት መንሳት ብቻ ነው፤ ለዚህ ልጅ ግን ሙቀቱ ራሱ ነው የሚጥለው። አንድ ስስ ልብስ ይበቃዋል። በቀዝቃዛ ውኃ መንከርም አይሆንም፤ በብርዱ ሲንቀጠቀጥ የውስጥ ሙቀቱ ይጨምራል። ገላውን በለብታ ውኃ፣ አጭር ጊዜ። ጸበል ለሚወስዱት ቤተሰቦች ደግሞ በአክብሮት "መድኃኒቱ ሳይቋረጥ" ማለት ነው የሚበጀው፤ ቫልፕሮይክ አሲድ በድንገት ሲቆም ያለ ትኩሳትም ይጥለዋል።

አቤነዘር ሜሪላንድ
በአንድ ቀን ብዙ መርፌ መስጠት ወይስ መከፋፈል? እዚህ የኩፍኝ፣ የጆሮ ደግፍና የሩቤላው ከጉድፍ ክትባት ጋር በአንድ መርፌ የተቀላቀለበት ዓይነት አለ። ድብልቁ ለየብቻ ከመስጠት ይልቅ ከ2,300 እስከ 2,600 ተከታቢ ልጆች አንድ ተጨማሪ የትኩሳት መንቀጥቀጥ ያመጣል። ልጁ፣ ወላጁ ወይም ወንድም እህቱ መንቀጥቀጥ ከነበረባቸው ለየብቻ ይሰጥ ነው የሚባለው።

ኒውሮ ሕፃናት
ያ ድብልቅ እኛ ጋ አይሰጥም። በቀረው ግን መከፋፈልን አላበረታታም። ፔንታን ዛሬ፣ የሳንባ ምቹን ከሁለት ሳምንት በኋላ ብለን ስንለያየው የሚያስፈራውን ሌሊት ከአንድ ወደ ሁለት እናበዛዋለን፣ ቀጠሮም ይጠፋል። ሮታ (የተቅማጥ ክትባቱ) እና የአፍ ፖሊዮ ብዙ ትኩሳት ስለማያመጡ አብረው ቢሰጡ አያሳስቡም።

ሌላ ጥንቃቄ ግን አለ፣ ስለ ስቴሮይድ። ሰውነታቸው በድንገት እየታጠፈ የሚጥላቸው፣ የሕፃናት ስፓዝም ያለባቸው ልጆች ከፍተኛ ፕሬድኒሶሎን ይወስዳሉ። በቀን 2 ሚሊ ግራም በኪሎ ወይም ከዚያ በላይ ለ14 ቀንና ከዚያ በላይ የወሰደ ልጅ መድኃኒቱ ከቆመ ቢያንስ አንድ ወር እስኪያልፍ እንደ ኩፍኝ ያለ ሕያው ክትባት አይሰጠውም። ፔንታ ሕያው ስላልሆነ ይህ አይመለከተውም። ክትባት ክፍሉ ውስጥ "ምን መድኃኒት ይወስዳል?" የሚለው ጥያቄ ሳይመለስ ማንም ልጅ አይወጋ።

እንዳለ ከሐዋሳ
ትኩሳቱን ሁሉ ለክትባት መስጠትም አደጋ ነው። ኩፍኝ በተወጋ በማግስቱ የመጣ ትኩሳት ከኩፍኙ አይደለም፤ ጆሮው፣ ጉሮሮው ይታይ፣ ወባ ባለበት አካባቢ ደም ይመርመር። ከተወጋ በሰዓታት ውስጥ ከባድ ትኩሳት ከትውከትና ተቅማጥ ጋር ከመጣ የተበከለ ጠርሙስ ይጠረጠር። የኩፍኝ ክትባት ከተበጠበጠ ከ6 ሰዓት በኋላ መጣል ያለበት ለዚህ ነው። ከፔንታ በኋላ ደግሞ ከ48 ሰዓት ያለፈ ትኩሳት፣ የሚጠባውን የተወ ልጅ ወይም የተወጠረ እርግብግቢት ካለ ማጅራት ገትር ይፈለግ። የሚጥል በሽታ አለበት ተብሎ የታወቀ ልጅ ላይ ይህ በቀላሉ ይታለፋል። ማንኛውም ከክትባት በኋላ የመጣ መንቀጥቀጥም በቅጹ ተሞልቶ ለምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ይላክ።

ሲስተር ዘጌ
ለምሳሌው ልጅ ካርዱን እንዲህ አዘጋጅቼዋለሁ፤ አርሙኝ። ሦስተኛው ፔንታ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት፣ ጤነኛ ሆኖ፣ ሙቀቱ ተለክቶ። ቫልፕሮይክ አሲዱን ጠዋት ወስዶ ይመጣል። ፓራሲታሞል 5 ሚሊ ሊትር፣ በ3 እና በ9 ሰዓት፣ ቀንና ሌሊት፣ ለ24 ሰዓት። ዳያዜፓም 0.8 ሚሊ ሊትር በ5ኛው ደቂቃ። ኩፍኝ በ9 ወሩ፣ እንዲሁ ማክሰኞ፤ ከ5ኛው እስከ 12ኛው ቀን ቴርሞሜትር በቀን ሦስት ጊዜ። ፌኒቶይንና ካርባማዜፒን ክልክል።

ፋርማሲ ፒያሳ
ሲስተር፣ በጣም ጥሩ ነው። ማክሰኞው ለፔንታ ይሠራል፤ አደገኛው ሌሊት በሥራ ቀን ይውላል። ለኩፍኝ ግን የትኛውም ቀን ቢወጋ ስምንቱ ቀናት ቅዳሜና እሑድን ያካትታሉ፤ ስለዚህ ካርዱ ላይ 5ኛውና 12ኛው ቀን በቀንና በወር ስም ይጻፉ፣ በዚያ ሰሞን ሌሊት ክፍት የሆነው ተቋም የቱ እንደሆነም። አንድ ደግሞ፦ ልጁ ካስታወከ ወይም መብላት ካቆመ ፓራሲታሞሉን ከ24 ሰዓት በላይ አትቀጥሉ፤ ቫልፕሮይክ አሲድም በጉበት ላይ ጫና ስላለው ይታይ። አስፕሪን ፈጽሞ አይሰጠው።

ኒውሮ ሕፃናት
መጠኖቹን በእርሳስ ይጻፏቸው። ለ15 ወሩ ሁለተኛ ኩፍኝ ሲመጣ ልጁ 8 ኪሎ አይሆንም። 10 ኪሎ ከደረሰ ፓራሲታሞሉ 150 ሚሊ ግራም፣ 6.25 ሚሊ ሊትር ነው፤ ዳያዜፓሙ 5 ሚሊ ግራም፣ 1 ሚሊ ሊትር። ሳይመዘን የድሮው ቁጥር እንዳይደገም።